ከበር ውጭ የወጣው ቶርኖ

የቶርኖዬን ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ ያ ከበር ውጭ የወጣው ብረት ምንድነው?» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። ለእያንዳንዱ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው። ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ለማታውቁኝ፦ የምኖረው አቃቂ ነው። ቀን ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ማታና ቅዳሜ ደግሞ በተከራየሁበት ግቢ ባለች የቆርቆሮ ክፍል እንጨት እሠራለሁ። በዲፕሎማ ደመወዝ ሁለት ልጅ እንዴት እንደሚያድግ መምህር የሆነ ያውቀዋል፣ አላብራራም። የቤት ኪራያችንን የምትከፍለው ቶርኖዋ ናት። ግን በሁለቱ ሹሎች መካከል የምትይዘው 70 ሳንቲ ሜትር እንጨት ብቻ ነበር። የወንበር እግር፣ የጠረጴዛ እግር፣ በቃ። ከዚያ የረዘመ ሥራ ሲመጣ «ይቅርታ» ብዬ ነበር የምመልሰው።

ኅዳር ላይ አንድ መሪጌታ መጡ። ለጥምቀት የሚደርስ 20 መቋሚያ፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል። «ልጄ፣ በእጅ የተጠረበው ሞልቷል። እኛ የፈለግነው ሃያውም አንድ ልክ እንዲሆን ነው፤ ሲነሳም ሲወርድም አብሮ ነው» አሉኝ። ሒሳቡ የሦስት ወር ኪራይ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ማን ይመልሳል?

ክፍሏ ግን ሁለት ሜትር አትሞላም። ቶርኖው ከረዘመ ጭራው በበሩ ወጥቶ መተላለፊያው ላይ ሊቆም ነው። የግቢው ባለቤት እትዬ ገና ስነግራቸው «መተላለፊያ ላይ ቋሚ ነገር አይተከልም፣ ማታ ልጆች ይሰናከላሉ» አሉ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ጭማሪው ሲመሽ የሚፈታ መሆን ነበረበት።

አቃቂ የፋብሪካ ሰፈር በመሆኑ አንድ ጥቅም አለው፤ ጡረታ የወጣ ባለሙያ ከጎረቤት አይጠፋም። እኔም ብረት ቶርኖ ላይ ያረጁ ጎረቤት አሉኝ። «ጋሼ፣ ተፈቺ ከሚሆን በብየዳ ብቀጥለው አይጠነክርም?» ስላቸው ሳቁ። «ቲቸር፣ ብየዳ ሲበርድ ብረቱን ይጎትተዋል። አንተ ቀጥ አድርገህ ትገጥመዋለህ፣ ጠዋት ስትመጣ ጎብጦ ይጠብቅሃል። በብሎን እሰረው።» የእትዬም የጋሼም ሐሳብ አንድ ቦታ ገጠመ።

አንጎላሬውን ከምናለሽ ተራ አመጣሁ፣ ከድሮው ጋር እኩል ባለ 5 ሳንቲ። መጋጠሚያው ላይ ከውስጥ በኩል ወፍራም ብረት አድርጌ በየጎኑ አራት አራት ብሎን አሰርኩበት። (ቶርኖ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጋ፣ ሞርሳ፣ ትራፓኖ... የሙያው ቋንቋ ግማሹ ጣሊያንኛ መሆኑን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው አያምኑኝም።) ከዚያ ቀጭን የናይለን ክር ከሹል እስከ ሹል ወጥሬ፣ ሐዲዱ ከክሩ ያለውን ርቀት በየ 20 ሳንቲው ለካሁ። ዝቅ ያለበት ቦታ ከእግሩ ሥር ላሜራ እየቆረጥኩ ገባሁበት። ሁለት ቅዳሜ የበላው ይኼ ነው። አሁን ማታ አራት ብሎን እፈታለሁ፣ ጭራው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ መተላለፊያው ነፃ ነው።

ሰው ቶርኖ ማስረዘም ብረቱን ማስረዘም ይመስለዋል። ብረቱ ቀላሉ ነው። ከባዱ የእንጨቱ መሃል ነው። ውፍረቱ ሳይለወጥ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን፣ በመሮ ስትገፉት መሃሉ የሚጎብጠው ስምንት እጥፍ ነው። በራሱ መወዛወዝ የሚጀምርበት ፍጥነት ደግሞ ወደ ሩብ ይወርዳል። ልጆች ገመድ ሲዘሉ መሃሉ እንዴት እንደሚነፋ አስቡት። የኔ ሞተር በደቂቃ 1,450 ገደማ ይዞራል። ለወንበር እግር ምንም አይደለም። ለሜትር ተኩል፣ 3.5 ሳንቲ ውፍረት ላለው መቋሚያ ሳሰላው ግን የእንጨቱ መወዛወዣ እዚያው አካባቢ ሆነ! ሞተሩን ሳልነካ ፑሌጃ ቀየርኩ፤ ሞተሩ ላይ 7 ሳንቲ፣ ቶርኖው ላይ 17 ሳንቲ። ዙሩ ወደ 600 ወረደ።

እሱም ብቻውን አይበቃም። ከወፍራም ኮምፔርሳቶ በር የመሰለ ነገር ቆርጬ ሦስት ትናንሽ ኩሽኔታ ገጠምኩበት፤ እንጨቱ በመሃላቸው ያልፋል፣ ከሦስት በኩል ይይዙታል። መጀመሪያ ግን መሃሉን ጥቂት ጣት ያህል ቀስ ብሎ ማክበብ ያስፈልጋል፤ ኩሽኔታ ማዕዘን ላይ አይሄድም።

እንጨቱ ወይራ ነው፣ የደረቀ። በመጋዝ የተሰነጠቀ ሳይሆን በመጥረቢያ የተፈለጠ ነው የመረጥኩት፤ ፍልጥ የእንጨቱን ጭረት ተከትሎ ስለሚሄድ በኋላ የመጣመም ፍላጎቱ ያነሰ ነው። ለመሞከር የምታስቡ ካላችሁ ደግሞ አደራ፣ ጋቢና ሰፊ እጅጌ አውልቁ። የሚዞር ነገር ልብስ ከያዘ አይለቅም።

የመጀመሪያውን መቋሚያ መሪጌታ መጥተው አዩት። መሬት ላይ አቁመው ተደገፉት፣ አነሱት፣ ወረድ አደረጉት፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ከዚያ «ከላይ ትንሽ ይቅጠን፣ ለሽማግሌ ይከብዳል» አሉ። ወይራ ስለሆነ ልክ ናቸው። ከላይ 3 ሳንቲ አደረግኩት።

እስከ ዛሬ ዘጠኝ አልቀዋል። ለመያዣ ራሱና ለታችኛው ብረቱ ሌላ ባለሙያ አለ፣ ያ የኔ ሥራ አይደለም። 11 ይቀረኛል፣ መብራት ሲኖር በማታ ሁለት አወጣለሁ። ዛሬ ማታ ግን ይኸው መብራት የለም፣ ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍላችሁ።