እጥፍ ማለት ስንት ነው?

በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ስንኖር ብዙ ክርክር ከአንዲት ቃል ሲነሣ አይተናል። ካየነውም ሁሉ በቤተሰብ መካከል ሊወራ የሚገባው «እጥፍ» ከምትባለው ቃል የመጣው ነው።

አንዲት ባልቴት ርዝመቱም ወርዱም ከፍታውም አንዳንድ ሜትር የሆነ የእህል ሣጥን ነበራቸው። መከሩ ስለ በረከተላቸው «የዚህን እጥፍ ሥራልኝ» ብለው አንድ አናጢ አዘዙ፤ ውሉም በዚሁ ቃል ተጻፈ። አናጢው ሦስቱንም ልክ ሁለት ሁለት ሜትር አድርጎ ቢሠራው ሣጥኑ በቤቱ በር አልገባ አለ። ክዳኑን ጨምሮ 6 ካሬ ሜትር የነበረው ሳንቃ 24 ስለ ሆነበትም የአራት ሣጥን ዋጋ ጠየቀ። ባልቴቲቱ «እጥፍ አልሁ እንጂ አራት እጥፍ መች አልሁ?» አሉ። እርሱም «ልኩን ሁሉ እጥፍ አድርጌአለሁ፤ ምን በደልሁ?» አለ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር፤ ለዳኛ ከዚህ የሚከብድ ነገር የለም። ነገር ግን አዲሱ ሣጥን የሚይዘው እህል የፊተኛውን 8 እጥፍ መሆኑን አንዳቸውም አላሰቡትም።

ማታ የሰዎቹን ስም ሳናነሣ ነገሩን በቤት ብናወራው፣ የ8ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጃችን «እንግዲያስ አባባ፣ ልኩ ስንት መሆን ነበረበት?» ብላ ጠየቀች። መልሱ በሒሳብ ሣልስ ዘር የሚባለው ነው። የ8 ሣልስ ዘር 2 ነው፤ 2 በ2፣ ውጤቱም እንደ ገና በ2 ሲባዛ 8 ይሆናልና። የ27ም 3 ነው። የ2 ግን በሙሉ ቍጥር አይገኝም። የጥንት ግሪኮች በዴሎስ ደሴት ስለ ነበረው መሠዊያ ሲተርኩ ይህንኑ እጥፍ የማድረግ ጭንቅ ያነሣሉ፤ በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ ሊገኝ እንደማይችል ፈረንሳዊው ፒየር ዋንትዜል ያስረዳው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1837 ዓ.ም. ነው። አናጢ ግን ይህን ያህል መጨነቅ አያሻውም።

የእጅ ስልክ ቢጠይቁት ወዲያው ይናገራል፤ ልጃችንም ልታወጣው ነበር። እኛ በቄስ ትምህርት ቤት ቃልን በማጥናት፣ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ደግሞ ቍጥርን በእርሳስ በማስላት ያደግን ነንና፣ ወረቀት አቀረብንላት። «ሦስቱ ልኮች እኩል ሲሆኑ ነው ዘሩ የሚገኘው። ሁለቱን በግምት 1.25 ብናደርግ ሦስተኛው ስንት ይሆናል?» አልናት። 1.25 በ1.25 አባዝታ 1.5625 አገኘች፤ 2ን በዚህ ብታካፍል 1.28 ወጣ። ሁለቱ አንሰው አንዱ በልጦአልና የቀረው ማስተካከል ነው፤ ሦስቱን ደምራ 3.78፣ ለሦስት ከፍላ 1.26 አለች። መልሳ ብታባዛው ከ2 የበለጠው ከቍጥር የማይገባ ሆነ። ግምቱ ሻካራ ቢሆንም ሥራው ያው ነው፤ መደጋገም ብቻ ይጨምራል። ሳንቃውም ወደ 9 ካሬ ሜትር ተኩል ይበቃው ነበር።

ክርክሩ ወደ ሽማግሌ ዕርቅ ተመለሰ። ሽማግሌዎቹ ልኩን ቢጠይቁን የልጃችንን ወረቀት ሰጠናቸው። አናጢውም ትልቁን ሣጥን አፍርሶ በየወገኑ 1 ሜትር ከ26 ሳንቲሜትር የሆነ ሠራ። ባልቴቲቱ ግን ወረቀት አላመኑም፤ አሮጌውን ሣጥን ሁለት ጊዜ በጤፍ አስሞልተው በአዲሱ አስገለበጡበት፤ እስከ አፉ ሞላ።