በረካው ቀጠነ ብዬ ያፈርኩበት ጊምቢ

እናንተ የቡና ሱሰኞች! ባለ ቡና አገር ሄዶ ቀጭን ቡና የጠጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ይኸው እኔ አለሁላችሁ።

ነገሩ የሆነው በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ በሌሊት ተነስቼ፣ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዤ ነቀምቴ አደርኩ። በማግስቱ ዴዴሳን ተሻግሬ ጊምቢ፣ ጓደኛዬ እናት ቤት ገባሁ። ወለጋ እኮ ነው! ቡናው በዓለም ገበያ “ለቀምት” እየተባለ የሚሸጥበት አገር። አቦሉ እንደ ሬንጅ ወፍሮ ይመጣል ብዬ ጓጓሁ።

የት አባቱ! አቦሉ ቀላ ብሎ መጣ። ቶናው ሻይ መሰለ። በረካው ላይማ የሲኒው ቂጥ ይታያል። እኔ አፌ አያርፍ፣ “እማማ፣ ይቺ በረካ ቡና አይታለች ወይስ በስሙ ነው የምታውቀው?” አልኩ። ሳቁ። ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ።

ማታ ጓደኛዬ ጆሮዬን ቆነጠጠኝ። ለካ ቡናው የሚለቀመው ከጥቅምት ወዲያ ነው። ጥሩ ጥሩው ያኔውኑ ተሸጦ ለደብተርና ለልብስ ሆኗል። ነሐሴ ላይ የቀረው ጥርጊው ነው፤ እሱም ላይ የተቆላ ገብስ ጣል ይደረግበታል። በዚያች እፍኝ ጎረቤቱ ሁሉ ይጠራል፤ ሳይጠሩ መጠጣት ነውር ነዋ!

በነገራችን ላይ፣ ካፌይን የሚባለው ነገር በፈላ ውሃ ቶሎ ስለሚሟሟ አብዛኛው በአቦሉ ይወጣል። ለቶናና ለበረካ የሚተርፈው ጥቂት ነው። አተላው ግን በተፈላ ቁጥር ምሬቱን መልቀቁን አይተውም። ገብሱም ቀለምና ጠረን ይሰጣል እንጂ ካፌይን የለውም። እና ቡና ሲቀርባችሁ ራሳችሁን የሚያማችሁ፣ በበረካ አትድኑም። ማታ እንቅልፍ እምቢ የሚላችሁ ደግሞ አቦሉን ለሌላው ትታችሁ በረካው ላይ ድረሱ። እኔ ጊምቢ ላይ እንደ ሕፃን ነው የተኛሁት። የግድ መቆጠብ ካለባችሁም ቡናውን ደቀቅ አድርጋችሁ ውቀጡት፤ ከትንሹ ብዙ ይወጣል። ለቶናው ቆንጥራችሁ አዲስ ዱቄት ጨምሩበት፤ ጣዕሙ ነፍስ ይዘራል።

ጠዋት ገበያ ወጥቼ አንድ ኪሎ ቡና ገዝቼ መጣሁ። “ለባለ ቡና ቡና ይገዛል እንዴ ልጄ?” ብለው ተቆጡ። ተቀበሉኝ ግን። ግማሹን ሸሸጉ፤ ግማሹን ቆልተው ጎረቤቱን ጠሩ። አቦሉ ይኸው እንደ ሬንጅ ወፍሮ ወረደ፤ የመጀመሪያው ሲኒ ለእኔ ሆነ።

እሳቸው ሲኒያቸውን ያነሱት በረካው ላይ ነው።