አንድ ክረምት፣ ብዙ በዓል



ከአዲስ አበባ ተነሥተን በአምቦ፣ በባኮና በሲሬ አድርገን 330 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ስንጓዝ ነቀምቴ እንደርሳለን። ከተማይቱን የሚያዋስናት ወረዳ ጉቶ ጊዳ ነው። በመስከረም ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ይሆናል፤ የበቆሎው እሸት ይደርሳል። እንቁጣጣሽ ይከበራል፤ የመስቀል ደመራ ይለኮሳል፤ በኢሬቻም ሕዝቡ ለምለም ሣር ይዞ ወደ ውኃ ዳር ወርዶ ዋቃን ያመሰግናል።

ይህን ያዩ ልጆቻችን «በዓሎቹ ለምን ይመሳሰላሉ? የእኛስ ለምን ሁልጊዜ በመስከረም አይሆንም?» ብለው ይጠይቁናል። ጥያቄው በቁጣ የሚታለፍ አይደለም።

ለገበሬው ክረምት ጎተራው የሚጎድልበት፣ ወንዙ ሞልቶ ዘመድን ከዘመድ የሚለይበት ጊዜ ነው። ዝናቡ ሲያባራ የሁሉም ሰው ልብ በአንድ ወር ይፈካል። የሚራበውም፣ የሚናፍቀውም፣ የሚያመሰግነውም ያው የአደም ልጅ ነውና በዓሎቹ ቢመሳሰሉ አይደንቅም።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ነዋሪዎቹ የሚጫወቱባቸው ሁለት ቀናት ነበሯቸው። እርሳቸውም አላህ በተሻሉ ሁለት ቀናት፣ በዒድ አልፊጥርና በዒድ አልአድሓ እንደተካላቸው ነገሯቸው። ደስታው ቀረ ማለት አይደለም፤ ከዒባዳ ጋር ተሣሠረ እንጂ። ፊጥር የረመዷንን ጾም ይከተላል፤ አድሓ በሐጅ ወቅት ይውላል።

የጨረቃ ዓመት በ11 ቀን ያህል ስለሚያጥር ዒዳችን በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶችን ሁሉ ያዳርሳል። መስከረም 1 ቀን 2009 ዓ.ም. እንቁጣጣሽና የዐረፋ ቀን ገጠሙ፤ በማግስቱም ዒድ አልአድሓ ሆነ። በዚያው ዓመት ነሐሴ 26 ቀን አድሓ ዳግመኛ መጣ! ዒዳችን የአንድ አገር ዝናብ የሚወስነው አይደለምና የትም ያለ ሙስሊም በበጋም በክረምትም ያገኘዋል።

ወጣቶች ሆይ! የሌላውን ሃይማኖታዊ ሥርዓት አንጋራም፤ ጉርብትናን ግን አንነፍግም። አላህ በሃይማኖታችን ላልተዋጉንና ከቤታችን ላላወጡን ሰዎች በጎ ከመዋል አልከለከለንም (ሱረቱል ሙምተሒና፣ 8)። ክርስቲያኑ ጎረቤት ለሙስሊም እንግዳው በጉን በሙስሊም እጅ አሳርዶ፣ ድስቱን ለይቶ ማቅረቡ በአገራችን የቆየ ወግ ነው። እርሱ የእኛን ድንበር ካከበረ፣ እኛ በዒዳችን ቀን ደጁን ሳንጠይቅ ብንቀር ያሳፍረናል።

ዘካተል ፊጥርን ከሶላት በፊት ለድኻው እናድርስ፤ ከኡድሒያችንም እናካፍል። ልጆቻችን የዒድን ትርጉም ከቃላችን ይልቅ ከእጃችን ይማሩታል። አላህ ከአመስጋኞቹ ያድርገን። አሚን።