የስቶክሆልም የጋራ ልብስ ማጠቢያ

ስለ ስዊድን ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ ፋብሪካዎቿና ጥሬ ገንዘብ ሳይዝ በስልኩ ስለሚገበያየው ሕዝቧ ነው። ቴክኒክ ለአንዲት ሠራተኛ እናት ምን እንደሚፈይድ ማወቅ የሚሻ ሰው ግን ወደ መኖሪያ ሕንጻዎቹ ምድር ቤት ቢወርድ ይበልጥ ይማራል።

በስቶክሆልም በአፓርታማ የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች ልብሳቸውን የሚያጥቡት በሕንጻው ነዋሪዎች የጋራ ክፍል ውስጥ ነው። ስዊድናውያን «ትቬትስቱጋ» ይሉታል። ትልልቅ የልብስ ማጠቢያ መኪናዎች፣ የተሰቀለ ልብስ በሙቅ አየር የሚደርቅበት ቁም ሳጥን፣ አንሶላ የሚዳምጥ መኪናና የማጣጠፊያ ጠረጴዛ ይገኙበታል። ብርዱ ለረጅም ወራት በማይለቅበት አገር የማድረቂያው ጥቅም ከማጠቢያው አያንስም።

በሩ አጠገብ ቀንና ሰዓት የተጻፈበት ሰሌዳ ተሰቅሏል። እያንዳንዱ ቤተሰብ የቤት ቁጥሩ ያለበት ትንሽ ቁልፍ አለው። በመረጠው ሰዓት ቀዳዳ ላይ ከቆለፈው ያ ተራ የእርሱ ነው፤ ሌላ ሰው ሊነቅለው አይችልም። በአንዳንድ ሕንጻዎች ዛሬ ተራ የሚያዘው በስልክ ነው። የጨረሰ ሰው የማድረቂያውን ወንፊት ከብናኝ አጽድቶ፣ ወለሉን ጠርጎ ይወጣል። ይህን ለዘነጋ፣ ስም የሌለው የቁጣ ወረቀት ግድግዳው ላይ ይለጠፍበታል። የጎረቤት ጠብ ማዕከሉ ማጠቢያ ክፍሉ ነው እያሉ ራሳቸው ስዊድናውያኑ ይቀልዳሉ።

ይህ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። ቀድሞ የስዊድን ሴቶች በብርድ ወራት ሳይቀር የሐይቅ በረዶ እየተሰበረ፣ ተንበርክከው ያጥቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1923 የተቋቋመው ኤች.ኤስ.ቢ. የተባለው የመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ማጠቢያ ክፍልን ከሕንጻው ጋር አብሮ መሥራት ጀመረ። በ1944 የሴቶች ማኅበራት ጥረት የቤት ውስጥ ሥራን ድካም የሚያጠና ተቋም አስገኘ። ከ1965 እስከ 1974 መንግሥት አንድ ሚሊዮን ቤቶች ሲያሠራ፣ የጋራ ማጠቢያው የአፓርታማ ኑሮ የተለመደ ክፍል ሆነ።

የልብሱን ቅርጫት ማን ተሸክሞ እንደሚወርድ ግን መኪናው አይወስንም። ስዊድን በ1974 የወሊድ ፈቃድን ለእናትም ለአባትም እንዲሆን በሕግ ደነገገች። ዛሬ ወላጆች ለአንድ ልጅ 480 ቀን ያገኛሉ፤ ከዚህ ውስጥ 90ው ቀን ለአባት ብቻ፣ 90ው ለእናት ብቻ የተጠበቀ ነው። ሕፃን አቅፎ ቅርጫት ይዞ የሚወርድ አባት ማንንም አያስገርምም። ይሁን እንጂ ከቤት ሥራው የሚበዛውን የሚሠሩት እዚያም ቢሆን እስከ ዛሬ ሴቶች ናቸው።

በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ግቢዎችም ለልብስ ማጠቢያ፣ ለማብሰያና ለእርድ ታስበው የተሠሩ የጋራ ቤቶች አሉ። ሳምንቱን በሥራ ውላ እሑዷን በሳፋ ላይ ጎንብሳ ለምታሳልፍ እናት፣ በየቤቱ መኪና እስኪገዛ መጠበቅ ሩቅ ነው፤ ቢገዛስ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ምን ያደርጋል? አንድ የጋራ የውሃ ታንከር፣ ሁለት መኪና፣ የተራ ሰሌዳና ሰሌዳውን የሚቆጣጠር ሰው ግን ከአንድ ግቢ ነዋሪዎች መዋጮ በላይ ላይሆን ይችላል። የነዋሪዎች ማኅበራት በሚቀጥለው ስብሰባቸው ይህን ጉዳይ ቢያነሡት፣ አባወራዎችም ተራ ለመያዝ ቢመዘገቡ መልካም ነው እንላለን።