ድንቹ ለምን ጠወለገ?

በጓሯችሁ ድንች ተክላችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒቱ በሰው ሁሉ አፍ እንደሚገኝ ታውቃላችሁ። ቅጠሉ ትንሽ ሲዝል አንዱ «ውሃ ጠምቶት ነው» ይላል፤ ሌላው «አመድ ነስንሱበት» ይላል፤ ሦስተኛው «መድኃኒት ይረጭ» ይላል። ሁሉም በቅንነት ነው የሚናገሩት። ነገር ግን የድንች ሕመም አንድ ዓይነት አይደለም፤ ለአንዱ የሚበጀው ለሌላው አይበጅም። ስለዚህ አስቀድማችሁ ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱ።

ከቅጠሉ ጀምሩ። ዝናብና ጭጋግ በተደጋገመበት የክረምት ሳምንት ቅጠሉ ላይ ውሃ የነካው የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ በማለዳ ገልብጡት። በጠቆረው ዙሪያ ነጭ ሻጋታ ካለ፣ ባለሙያዎች ሌት ብላይት የሚሉት በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1845 አየርላንድ ገብቶ ሕዝቡን ለታላቅ ረሃብ የዳረገው ይኸው በሽታ ነበር። በነፋስ ስለሚጓዝ ዛሬ ጥግ ላይ የታየው በጥቂት ቀናት ጓሮውን ሁሉ ሊያዳርስ ይችላል። በኅዳር ወይም በታኅሣሥ፣ ሰማዩ ጠርቶ ባደረ ማግስት ቅጠሉ ሁሉ በአንድ ጠዋት ጠቁሮ ከተገኘ ግን የመታው ውርጭ ነው፤ ሻጋታውን ብትፈልጉም አታገኙትም።

ቀጥሎ ድንቹን ራሱን እዩ። አረንጓዴ የሆነው ብርሃን ያገኘው ነው፤ አፈር ስታለብሱት ይቀራል፤ አረንጓዴው መርዝነት ስላለው አትብሉት። ልጣጩ እንደ እከክ የሻከረውን ደግሞ አመድ ይብስበታል እንጂ አይፈውሰውም። ይህ እከክ አመድ የበዛበትን አፈር ይወዳልና።

ከሁሉ የከፋው ግን ገና አረንጓዴ ሳለ የሚጠወልገው ነው። አፈሩ እርጥብ ነው፤ ቅጠሉ አልጠቆረም፤ ቀን ቀን ይዝላል፣ ማታ ቀና ይላል፣ ከዚያ አንድ ቀን ሳይነሣ ይቀራል። ሻሸመኔ ባለው ጓሯችን ባለፈው ዓመት የሆነው ይህ ነበር። ያየው ሁሉ ውሃ አጠጡት ይል ነበር። አንድ የልማት ሠራተኛ ግን ብርጭቆ ውሃ እንዳመጣ ነገረኝ። ግንዱን ከአፈሩ አጠገብ ቆረጠና የተቆረጠውን ጫፍ ውሃው ውስጥ ሳያነቃንቅ ያዘው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ከጫፉ ወደ ታች ይወርድ ጀመር። ክሩ ባክቴሪያ ነው፤ ውሃ የሚያልፍበትን የግንዱን ሥር ዘግቶት ነበር። ተክሉ በእርግጥም ተጠምቷል፤ ነገር ግን የቱንም ያህል ብታጠጡት ውሃው አይደርሰውም። ለዚህ በሽታ የሚረጭ መድኃኒት የለም።

ችግሩ በእኛ ጓሮ ቢያበቃ ቀላል ነበር። እማዬ ደቃቅ ደቃቁን ለዘር መርጣ፣ ለአንዲት ጎረቤታችን ቃል ገብታላት ነበር። ሴትዮዋ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ናት፤ መሬቱን ቆፍራ ትጠብቃለች። እማዬ አንዱን ድንች አንሥታ «እየው እንጂ ልጄ፣ ይህ ምን ሆኗል?» አለችኝ። በእርግጥም ያምር ነበር። አንዱን ለሁለት ስንቆርጠውና ስንጨምቀው ከልጣጩ ሥር ባለው ቀለበት ነጭ ፈሳሽ ወጣ፤ ሌላው ግን ንጹሕ ነበር። ሆኖም ንጹሕ የሚመስለውም በሽታውን በውስጡ ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ከዘሩ ጋር ወደ ሰው አፈር ከገባ በኋላ ደግሞ በቀላሉ አይወጣም።

እማዬ ብዙ ዝም አለች። ከዚያ ነጠላዋን ለብሳ ወጣችና ለጎረቤታችን በቀጥታ ነገረቻት፦ «ቃሌን አጥፌብሻለሁ፤ ድንቹ ታሟል። ብሰጥሽ መሬትሽን ነው የማሳምምብሽ።» በምትኩ ለእኛ ያስቀመጠችውን የቦሎቄ ዘር ሰጠቻት፤ ቦሎቄን ይህ በሽታ እንደ ድንች አያጠቃውምና። ጎረቤታችን ዘሩን ተቀበለች፤ ፊቷ ግን አልተፈታም። ቦሎቄ የድንችን ያህል አይሸጥላትም። ለሳምንታት ሰላምታዋ ቀዝቅዞ ቆየ። እማዬም አላስረዳችም፣ አልተማረረችም። እኔም እውነት መናገር ሁልጊዜ ወዲያው ምስጋና እንደማያመጣ ያን ጊዜ አየሁ።

የታመሙትን ከነሥራቸውና በዙሪያቸው ካለው አፈር ጋር ነቅለን ከጓሮው አወጣን፤ ብስባሽ ውስጥ አልጨመርናቸውም። ዶማውን አጠብን። ያልበሰበሰውን ድንች ቀቅለን በላነው፤ ባክቴሪያው ሰውን አይጎዳም። ልጣጩን ግን ጓሮ አልጣልንም። አሁን በዚያ መደብ ላይ በቆሎና ነጭ ሽንኩርት አለ። ቲማቲም፣ ቃሪያና ደበርጃን የድንች ዘመዶች ስለሆኑ ለጥቂት ዓመታት አይገቡበትም።

እናንተም በዚህ ዓመት ለጓደኛችሁ ወይም ለዘመዳችሁ የድንች ዘር ለመስጠት አስባችሁ ይሆናል። መስጠት መልካም ነው። ከመስጠታችሁ በፊት ግን ተክሉ ሳይደርቅ አንድ ግንድ ቁረጡና ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ያዙት፤ ጥቂት ደቂቃም ታገሡ። ውሃው ጠርቶ ከቆየ መልካም ምልክት ነው፤ ነገር ግን በሽታው ፈጽሞ የለም ማለት አይደለም። ነጭ ክር ከወረደ ግን፣ ሰው የቱንም ያህል ቢያኮርፍባችሁ፣ እውነቱን ንገሩት።