አምባዛ ሲወጋ

አሳ ይናደፋል ስላችሁ እንዳትስቁ። እባብ ይናደፋል፣ ጊንጥ ይናደፋል፣ ንብም እንደዚያው። አሳ ግን በእኛ በአዲስ አበቤዎች ጭንቅላት ውስጥ ወይ ጉላሽ ነው ወይ ለብለብ። እሾህ አለው ከተባለም ያው ጉሮሮ ላይ የሚሰነቀረው ነው።

ይሄን የምጽፈው በተለይ ቅዳሜና እሁድ መንጠቆ ይዛችሁ ሐዋሳና ዝዋይ ለምትወርዱት ነው። ፎቶ ለመነሳት አሳውን በሁለት እጅ አቅፋችሁ ፈገግ የምትሉት፣ አዎ፣ እናንተን ነው።

ተጠርጣሪው አምባዛ ነው። ያ ቅርፊት የሌለው፣ ጭንቅላቱ ጠፍጣፋ፣ የድመት ጢም የሚመስል ነገር ያንጠለጠለው። ሰው ሁሉ የሚፈራው ጢሙን ነው፤ ጢሙ ግን ጭቃ ውስጥ ምግቡን የሚዳስስበት እንጂ ማንንም አይነካም። ጉዱ ያለው ከጭንቅላቱ ኋላ ግራና ቀኝ በወጡት ክንፎች ላይ ነው። የእያንዳንዱ ክንፍ የፊት ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ያወጣ ጠንካራ እሾህ ነው። አምባዛው ሲደነግጥ እሾሁን ወደ ጎን ይዘረጋና ይቆልፈዋል። ያኔ ልጠፈው ብላችሁ ብትታገሉ የምትጎዱት እናንተ ናችሁ። መርዙ ያለው እሾሁን በሸፈነው ስስ ቆዳ ውስጥ ነው። እንደ እባብ ጥርስ ቱቦ የለውም፤ እሾሁ ሥጋችሁ ውስጥ ሲገባ ቆዳው ይቀደድና መርዙ ቁስሉ ላይ ይቀራል። ጄረሚ ራይት የተባለ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በ2009 (በፈረንጆቹ) ባወጣው ጥናት የአምባዛ ወገን ከሆኑት አሳዎች ቢያንስ 1,250 ዝርያዎች መርዛማ ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ገምቷል። ደግሞ የእኛው አምባዛ አየር መሳብ ስለሚችል ከውኃ ወጥቶም ቶሎ አይሞትም። ሞቷል ብላችሁ ስታነሱት ነው የሚጠብቃችሁ።

ጓደኛዬን ሐዋሳ ላይ የወጋው አውራ ጣቱ ሥር ነበር። ቀዳዳዋ መርፌ የወጋት ታክላለች፣ ደም እንኳ በወጉ አልወጣትም። ሳቅንበት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ግን ያ ስድስት ወር ሙሉ ጂም የተለፋበት ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዙሪያው መጀመሪያ ነጣ፣ ቀጥሎ ቀላ፣ ከዚያ አበጠ። ሕመሙን ሲገልጸው «ጣቴ ውስጥ ሌላ ልብ ይመታል» ነው ያለው። አማካሪ በአንዴ ከበበን። ክንዱን በጫማ ማሰሪያ እሰሩት የሚል፣ ሎሚ ጭመቁበት የሚል፣ አረቄ አፍስሱበት የሚል (ይሄኛው ለራሱም ትንሽ ፈልጎ ነበር መሰለኝ)።

አንድ አዛውንት አሳ አስጋሪ ግን ለማንም መልስ ሳይሰጡ የአሳ ሾርባ ወደምትሸጠው ሴትዮ ዞሩና «እስቲ ልጄ፣ ሙቅ ውኃ በሳፋ» አሏት። ቀዝቃዛ ጨምረው በክርናቸው ለኩት። «ንከር» አሉት፣ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ ጓደኛዬ እንደ ሰው ማውራት ጀመረ።

በኋላ ሳነብ ሐኪሞችም የሚመክሩት ይሄንኑ ሆኖ አገኘሁት። የአሳ መርዝ ከፕሮቲን የተሠራ ስለሆነ ሙቀት አይችልም፤ ስለዚህ የተወጋውን ቦታ 45 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ውኃ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ መንከር ሕመሙን ያስታግሳል። ከዚያ በላይ ከሞቀ ያቃጥላል፤ የተወጋው እጅ ሙቀቱን በትክክል ስለማይለይ ውኃውን በደህናው እጅ ነው መለካት። ክንድ ማሰር ደም ከመከልከል በቀር ጥቅም የለውም። ቀጥሎ ጤና ጣቢያ ነው፤ እሾሁ ውስጥ ተሰብሮ ቀርቶ ይሆናል፣ የቴታነስ ክትባትም ያስፈልጋል።

የጓደኛዬ ነገር በዚሁ አለቀ። በሳምንቱ ቢሮው ገብቶ ኪቦርዱን ይቀጠቅጥ ነበር። እኔን እስከዛሬ የሚያሳስበኝ ሌላው ልጅ ነው።

ሐይቁ ዳር አሳ እየገፈፈ ፊሌቶ የሚያወጣልን ደንበኛ ነበረን። ዕድሜው ከሃያ አይበልጥም፤ እጁ ሲፈጥን ቢላውን አታዩትም። በሁዳዴ ሰሞን (አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለባለቤቶቹ ልተወው) ቀና ለማለት እንኳ ጊዜ የለውም። እሱን የወጋው አምባዛም አልነበረም። ቆሮሶ ነው፤ የጀርባው እሾህ መርዝ የለውም። ወግቶት እሱም ረሳው። ሳምንታት ቆይቶ ጣቱ ላይ እብጠት ወጣ፤ አይመርቅዝም፣ አይድንም። ቀጥሎ እጁ ጀርባ ላይ ሌላ፣ ከዚያ ክንዱ ላይ ሌላ፣ በመስመር እንደ ተተከለ ነገር። ክሊኒክ ሄደ፣ ብጉንጅ ነው ተብሎ የአንድ ሳምንት መድኃኒት ተሰጠው። ሌላ ክሊኒክ፣ ሌላ የአንድ ሳምንት መድኃኒት። እንዲህ ሰባት ወር ሄደ።

ማይኮባክቴሪየም ማሪነም ይባላል፤ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ዘመድ ነው፣ ውኃና አሳ ላይ ይኖራል። ከሰውነታችን ሙቀት ዝቅ ያለ፣ 30 ዲግሪ አካባቢ ስለሚመቸው ቀዝቀዝ ያለውን እጅና ጣት ይመርጣል። ላቦራቶሪው እንደ ልማዱ 37 ዲግሪ ላይ ካስቀመጠው በደንብ ላይበቅልና «ምንም የለም» ሊባል ይችላል። የሚድነው ደግሞ ለወራት በሚወሰድ መድኃኒት ነው። እንግዲህ ይሄን ሁሉ የሚያስጀምረው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ሥራህ ምንድነው?» ሰባት ወር ሙሉ የጠየቀው አልነበረም፣ እሱም ይጠቅማል ብሎ አላሰበም። የጠየቀችው ሦስተኛ ቦታ ያገኘችው ወጣት ሐኪም ነበረች።

የአሳ እሾህ የሚያመጣው ጣጣ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እስራኤል ውስጥ በ1996 እና በ1997 (አሁንም በፈረንጆቹ) ከኩሬ የወጣ አሳ፣ በብዛት የቆሮሶ ዘመድ የሆነውን፣ በእጃቸው የነኩ 62 ሰዎች ቪብሪዮ ቩልኒፊከስ በተባለ ባክቴሪያ ታመዋል። እዚያ የተቀየረው ነገር ቀላል ነበር፤ በበረዶ ታሽጎ ይሸጥ የነበረው አሳ በሕይወቱ መሸጥ ጀምሮ ነበር።

ጓንት ለምን አታደርጉም ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ። «ያንሸራትታል፣ ቢላው እጅ ላይ ይመጣል» አሉኝ። ክፍያው በአሳ ቁጥር ነው፤ የዘገየ ደግሞ ደንበኛ አይጠብቀውም። የኛ ልጅ መድኃኒቱን ጨርሶ ድኗል፤ ጣቱ ግን አልዘረጋ አለው፣ ቢላ አይጨብጥም። መጨረሻ ስሄድ ሒሳብ ተቀባይ ሆኖ አገኘሁት። ጠረጴዛው ላይ አሳ የሚገፍፈው ታናሽ ወንድሙ ነበር፤ በባዶ እጁ።