ከስር ያለው ቀለም

ባለፈው ክረምት የአባታችን ፔጆ 404 ከሐኪም ጋራ ግርጌ፣ ከደጃችን፣ ሸራ ለብሳ ሦስት ሳምንት ቆመች። ሸራውን ያለበሷት አባታችን ራሳቸው ናቸው። አልተቆጡንም። ምነው በተቆጡን!

ነገሩ እንዲህ ነው። 404 በ1960 እ.ኤ.አ. ከፈረንሳይ የወጣች፣ ቅርጿን የጣልያኑ ፒኒንፋሪና የነደፈላት፣ የምሥራቅ አፍሪካን የሳፋሪ ውድድር በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 እ.ኤ.አ. ያሸነፈች መኪና ናት። ሐረር ውስጥ ግን ዝናዋ ሌላ ነው። ባጃጅ ከተማውን ሳይሞላው በፊት ከፈረስ መጋላ ሰው የምትጭን፣ ሙሽራ የምታመጣ፣ ምጥ የያዛትን ሴት ሐኪም ቤት የምታደርስ ታክሲ ነበረች። አባታችንም በእሷ አሳደጉን። እኛን ዩኒቨርሲቲ ያደረሰን የእሷ ሞተር ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ዓይናቸው ሲደክም መሪዋን ተዉ። «ሳልሸጣት በፊት የድሮ መልኳን ልያት» አሉና የዕቁባቸውን ብር ሰጡን። እጃቸው ስትገባ ነጭ ኒትሮ ነበረች፤ ሰማያዊው የታክሲ ቀለም ኋላ የመጣ ነው።

ኒትሮ መሠረቱ ጥጥ በአሲድ ተለውጦ የሚገኝ ኒትሮሴሉሎስ ነው፤ ለባሩድም ለድሮ ፊልምም የዋለ ነገር። በ1923 እ.ኤ.አ. ዱፖንና ጄኔራል ሞተርስ «ዱኮ» ብለው ለመኪና ሲያወጡት፣ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ማድረቅ ወደ ሰዓታት ወረደ። ይህን ሁሉ አንብበናል። ጉዳችንም ማንበባችን ሳይሆን አይቀርም።

የሰፈራችን ሽማግሌ ቀለም ቀቢ በደጃችን ሲያልፉ «ልጆች፣ ከስሩ ያለው ምንድን ነው?» ብለው ጠይቀውን ነበር። «ሰማያዊ» አልናቸው። ሳቁ። «መልኩን አላልኩም፤ ዘሩን ነው» አሉ። እኛ ግን ኮምፕረሰሩን በቀን ሒሳብ ስለተከራየነው ቸኩለናል። አቧራውን ሸሽተን፣ ነፋሱ ጋብ ሲል፣ አመሻሽ ላይ ረጨን። የኒትሮ ትነት እሳት ይጠራልና እናታችን የቡናዋን ከሰል ይዛ ወደ ጓሮ ተሰደደች።

ብዙም ሳይቆይ ጣሪያዋ እንደ ወተት ስልባቦት ተጨማደደ። በሮቿ ላይ ደግሞ ማብረቅረቁ ቀርቶ አመዳም ጉም ወረደባቸው። የዚያን ሌሊት ከጋራው የወረዱት ጅቦች ሳይቀሩ የሳቁብን መሰለን።

በማግስቱ ሽማግሌው ደጅ ሄደን፣ «ጋሼ፣ አጥፍተናል» አልናቸው። ቲነር የነካ ጨርቅ ይዘው መጡና የኮፈኗን ውስጠኛ ጠርዝ አሹት። «እዩ፤ ቀለሙ ሟሙቶ ጨርቁ ላይ ከወጣ ኒትሮ ነው። ከተጨማደደ ሲንቴቲክ ነው። ምንም ካላለ በማጠንከሪያ የተሠራ ነው።» ተጨማደደ። ኒትሮ የሚደርቀው ቲነሩ ሲተን ብቻ ነው፤ ሲንቴቲክ ግን ከአየሩ ኦክስጅን እየወሰደ ነው የሚጠነክረው። የኒትሮው ቲነር ኃይለኛ በመሆኑ ሰማያዊውን አሳብጦ ከስሩ አስነሣው። አመዱ ደግሞ የክረምቱ እርጥበት ነው፤ ቲነሩ ሲተን ላሜራውን ያቀዘቅዘዋል፣ ጤዛም ይይዘዋል።

«ታዲያ በመሐል ሲለር ብናለብሳትስ?» አልን።

«የትኛውን?» አሉ። «ሲለር ሁሉ አስታራቂ አይደለም። አስታራቂ የሁለቱንም ወገን ጠባይ ማወቅ አለበት። ታች ያለውን የማይበላ፣ ላይ የሚመጣው የማይበላው መሆን አለበት። ደግሞ የሚላጥ ቀለም ላይ ሲለር ብታለብሱ ከነሲለሩ ይላጣል!»

ከመካከላችን አንዱ ስልኩን ሸጠ። የተነሣውን ሁሉ እስከ ላሜራው ፋቅነው፤ ዝገቱን አጸዳን፤ ጥብቅ ብሎ የቀረውን ሰማያዊ በብርጭቆ ወረቀት አሽተን አደበዘዝነው። በኒትሮ ቲነር የሚቀጥነውን ሲለር ተውነው፤ የሸሸነውን ቲነር መልሶ የሚያመጣብን ነውና። የመረጥነው ከሁለት ቆርቆሮ ተቀላቅሎ የሚጠነክረውን ኤፖክሲ ነው፤ በደንብ ከጠነከረ በኋላ ኒትሮ አይፈታውም። እሱም ቢሆን የራሱ ቲነር አለውና አላመንነውም፤ ከኋላ በዕቃ መጫኛው ክዳን ውስጥ መዳፍ በምታህል ቦታ ሞክረን ሁለት ቀን ጠበቅን። ሰማያዊው አልተነቃነቀም። ከዚያ መላዋን አለበስናት፤ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ጊዜ ቆጠርን፤ በ400 ቁጥር ወረቀት በውሃ አሸናት። ፀሐይ የወጣችበትን ቀን ጠብቀን፣ ጤዛው ከለቀቀ በኋላ፣ ኒትሮውን ስስ ስስ አድርገን፣ በየመሐሉ እያስተነፈስን ደጋገምነው።

እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን፤ ላሜራ የእኛ ነገር አይደለም። ግና ከስር ያለውን ሳይጠይቁ አዲሱን መርጨት የቀለም ቀቢ ጥፋት ብቻ አይመስለንም። እኛም በየስብሰባው፣ በየጽሑፋችን ስንት ጊዜ እንዲሁ ረጭተናል! ሽማግሌውም የጠየቁን አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበረች፤ መልሱን ሳናውቅ መለስንላቸው እንጂ።

አባታችን ነጩን ምን ያህል እንዳዩት አልጠየቅናቸውም። ከፊት ፓራፋንጎዋ ጀምረው በመዳፋቸው ዳበሷት። የኋላው በር ጋ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

«እዚህ ጋ ቸኩላችኋል» አሉ።

እውነታቸውን ነው፤ ኮምፕረሰሩን የምንመልስበት ሰዓት ደርሶብን ነበር። ገዢው ሲመጣ ግን «ትንሽ ትቆይ» ብለው መለሱት። እስከ ዛሬ አልሸጧትም።